ወንድሜ በመታሰቢያው ገጽ ላይ

የምሠራበት ሳምንታዊ ጋዜጣ በወረቀት መታተሙን ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሁን የሚነበበው በታብሌትና በስልክ ነው። ቢሮው አዳማ ውስጥ፣ ከአንድ የጎማ መሸጫ በላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። እኔ መጀመሪያ የገባሁት ለጽዳትና ሻይ ለማፍላት ነበር። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሰው ፊት መናገርም ስለማልችል ጽዳት ይስማማኝ ነበር፤ ወለል አያናግርም።

ገጽ መሥራት ያስተማሩኝ ሽማግሌው ዲዛይነራችን ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ ጽሑፍ በመቀስ እየቆረጡ፣ በሙጫ እየለጠፉ ነው ገጽ የሠሩት። አንድ ቀን መጥረጊያ ይዤ ከኋላቸው ቆሜ የሚሠሩትን ገጽ ሳይ አገኙኝ።

«ምን ታያለሽ?» አሉኝ።

መጥረጊያውን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ።

«ተናገሪ እንጂ፣ ለማን ነው የምትቆጥቢው?»

«ሰውየው ከገጹ የሚወጣ ይመስላል» አልኩ። ፎቶው ከገጹ ቀኝ ጠርዝ ላይ ነበር፤ ሰውየውም ወደ ቀኝ ያያል።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ከዚያ ወንበር ሳቡልኝ። ከሳቸው የተማርኩት የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ፊት ወደ ገጹ ውስጥ ያያል። ወደ ውጭ ካየ አንባቢውም ተከትሎት ይወጣል።

ሁለተኛው ሕግ የመታሰቢያው ገጽ ላይ ያለ ነው። መታሰቢያ ማለት ሰዎች የሞተባቸውን ዘመድ ፎቶ ከጥቂት መስመር ጽሑፍ ጋር የሚያወጡበት ነው፤ አርባው፣ ሙት ዓመቱ ሲደርስ። ፎቶው እስኪመጣ ድረስ ቦታውን በሆነ ነገር ይዞ መሥራት የተለመደ ነው። ጋሼ ለዚያ ራሳቸው የሳሉት የሻማ ሥዕል ነበራቸው። በሕይወት ያለ ሰው ፎቶ ግን በምንም ምክንያት አያስገቡም።

«ለምን ጋሼ?»

«ገጹ ይለምደዋል» አሉኝ። ሲናገሩ አልሳቁም።

ወንድሜ መቂ ሽንኩርት ጫኝ ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ በሚሄዱ መኪናዎች ላይ። ከሦስት ዓመት በፊት ከሌሎች ልጆች ጋር ወደ ዐረብ አገር ሊሻገር በምሥራቅ በኩል ወጣ። አንድ ቀን ባሕሩ ዳር ደርሰናል፣ ነገ እንሻገራለን ብሎ ደወለ። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማንም። ጋሼ ሲሰሙ፣ በጋዜጣው «አፋልጉኝ» አምድ ላይ ያለ ክፍያ እናውጣው ብለው ነበር። ለእናቴ ስነግራት ተቆጣች።

«የሚፈለገው የጠፋ ሰው ነው። የኔ ልጅ አልጠፋም። ሥራ በዝቶበት ነው።»

ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ወንድሜ አልሞተም፤ አልጠፋምም። ሥራ ላይ ነው። እናቴ ማታ በር ስትዘጋ መቀርቀሪያውን አትጥለውም፤ ሲመጣ እንዳያንኳኳ ነው። የቆመችው በዚያ ነበር። ማንም ይህን እንዳይነካባት እፈራ ነበር፤ የነካባት ቀን የምትነሣ አይመስለኝም ነበር።

ታብሌቶቹ የመጡት የወረቀት ዋጋ አልቀመስ ሲል ነው። አዘጋጃችን አራት ይዞ መጣ። ጋሼ አንዱን እንደ ትኩስ ሳህን በጣታቸው ጫፍ ያዙት። ሲያቆሙት ገጹ ሁለት አምድ ይሆናል፤ ሲያጋድሙት ሦስት አምድ ይሆንና ፎቶዎቹ ተነሥተው ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። ደጋግመው አቆሙት፣ አጋደሙት።

«ይህ ገጽ አይደለም፤ ውኃ ነው» አሉ። «ትናንት ያስቀመጥኩትን ሰው ዛሬ ሌላ ቦታ አገኘዋለሁ።»

እኔ ቶሎ ለመድኩት። የለመድኩት ግን አነካኩን እንጂ ጠባዩን አልነበረም። በወረቀቱ ጊዜ አንድ ስሕተት ከኛ እጅ እስከ አንባቢ እጅ ድረስ ብዙ በር ነበረበት። ጋሼ ያነቡታል፣ አዘጋጁ ይፈርማል፣ ማተሚያ ቤቱ ፕሩፍ የሚባለውን የሙከራ ቅጂ ይልካል፣ ፕሩፉ እንደገና ይነበባል። አሁን በሩ አንድ ነው፤ የጣት ጫፍ።

አንድ ዓርብ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ጋሼ ዓይናቸውን ሊታከሙ ሄደዋል። አዘጋጁ ለሥራ ወደ ባቱ ከመውጣቱ በፊት አዲስ የመታሰቢያ ገጽ ቅርጽ ሰጠኝ።

«ሞክሪው፤ በሰው ሐዘን ላይ እንዳንሳሳት» አለኝ።

የጋሼን ሻማ አስገባሁ። ታብሌቱ አልቀበልም አለ። «ፊት አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ መጣ። አዲሱ ቅርጽ ፎቶ ሲሰጡት ራሱ ፊቱን ፈልጎ፣ ራሱ ቆርጦ ነው ሳጥኑ ውስጥ የሚያስገባው። ፊት ካላገኘ ወደ ቀጣዩ አያልፍም። ታብሌቱ ውስጥ ፊት ያለበት ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ ወንድሜ መቂ መኪና አጠገብ የሽንኩርት ማዳበሪያ ተሸክሞ የተነሣው። የስልኬ መስታወት ተሰንጥቆ ስለነበር ፊቱን ደህና አድርጌ ለማየት ከወራት በፊት ወደዚያ አስተላልፌው ነበር። የራሴ ፎቶ የለኝም፤ ሰው ሊያነሣኝ ሲል ፊቴን እሸፍናለሁ።

ለሙከራ ነው ብዬ ነካሁት።

ሳጥኑ ወዲያው አገኘው። የሽንኩርቱን ማዳበሪያ ቆረጠ፣ መኪናውን ቆረጠ፣ ፊትና አንገቱን ብቻ አስቀረ። ከዚያ ቀለሙን ራሱ አጠፋው፤ የመታሰቢያ ፎቶ ግራጫ ስለሚሆን። ሳጥኑ ከገጹ ቀኝ ነው፤ ወንድሜ ደግሞ ፎቶው ላይ ወደ ግራ ያያል። ወደ ገጹ ውስጥ። ጋሼ ቢያዩት ጎበዝ ይሉኝ ነበር።

ከሥር «በሞት የተለየን ውድ ልጃችን» የሚል አብሮ የመጣ ጽሑፍ አለ። ስም ጠየቀኝ። ስሙን ጻፍኩ። ለምን የሌላ ሰው ስም እንዳልጻፍኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። በሌላ ሰው ላይ ማሟረት ስለፈራሁ ነው እላለሁ። ግን እውነቱን ልጻፍ፤ ማየት ፈልጌ ነበር። እናቴ እንዳላስበው የከለከለችኝን ነገር አንዴ ብቻ ተጽፎ ማየት። የሞተበትን ቀን ሲጠይቀኝ ጣቴ አልሄድ አለኝ፤ ባዶውን ተውኩትና ገጹ ምን እንደሚመስል ለማየት «ጨርስ» የሚለውን ነካሁ።

ገጹን ከራቅ አድርጌ አየሁት። ያስፈራኝ አለማስቀየሙ ነው። አማረበት። ድሮውንም እዚያ የነበረ ይመስላል።

ያን ጊዜ መብራት ጠፋ። ኔትወርክ የሚያመጣው ሳጥን መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ፤ ለካ ገጹን መላክ ጀምሮ ነበር፤ ታብሌቱ ላይ «አልተላከም» የሚል መጣ። እሰይ አልኩ። በኮምፒዩተሩ ጊዜ መብራት ሲጠፋ የሠራነው ሁሉ አብሮ ይጠፋ ነበር። አዳማ ውስጥ ገጽ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ስንቴ አልቅሰንበታል። ታብሌቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆልፌ ወጣሁ። አዲሱ ነገር እንደማይረሳ፣ መብራቱን ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ ሲመጣም ያቋረጠውን ራሱ እንደሚጨርስ የነገረኝ አልነበረም።

እኛ ዘንድ የሞት ወሬ ለቤተሰብ በስልክ አይነገርም። ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፣ ይመካከራል፣ ድንኳኑን ያዘጋጃል። ከዚያ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሎች ሄደው ያረዳሉ። እስከዚያ ድረስ ለቤተሰቡ ሁሉም ሰው ይደብቃል። እኔም ለሌሎች ስንት ጊዜ ደብቄያለሁ። የሚደበቅበት ሰው ሆኜ ግን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ውኃ ልቀዳ ቦኖው ጋ ስደርስ ሰልፉ ላይ የነበሩት ሴቶች ዝም አሉ። ሁልጊዜ የምትተርበኝ ጎረቤታችን፣ በርበሬ ሻጯ፣ ጀሪካኔን ከእጄ ወስዳ ከሁሉም ፊት አስቀመጠችው።

«ተራዬ አይደለም» አልኩ።

«ቅጂ።»

«ምነው?»

«ቅጂ አልኩሽ እኮ። ደግሞ ዛሬ መናገር አማረሽ?» አለች። መተረቧ ነበር፤ ግን አላየችኝም፤ ውኃውን ነው የምታየው። ስሄድ ነጠላዬን ከኋላ አስተካከለችልኝ።

ገበያ ለመሄድ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ዘፈን ሳይከፍት ነድቶ አያውቅም። እኔ ስገባ ዘፈኑን ዘጋው። እስክንደርስ በመስታወቱ እያየኝ ሲነዳ ቆየ። ሒሳብ ስሰጠው እጄን መለሰው።

«ይሁን፣ እህቴ። ጃባዱ» አለኝ።

በኦሮምኛ በርቺ ማለቱ ነው። ለምኑ እንደምበረታ ሳልጠይቀው ሄደ። መጠየቅ ነበረብኝ። እንደኔ የሚያፍር ሰው ግን ጥያቄውን ሲያዘጋጅ ሰውየው ይርቃል።

ከቀትር በኋላ የእድራችን ድንኳን ከመጋዘን ሲወጣ አየሁ። ቋሚዎቹና አግዳሚ ወንበሮቹ ጋሪ ላይ ይጫናሉ። አንዲት ሴት ወንበር ከብዷት ስታዘነብል ሮጬ በአንድ ወገን ያዝኩላት። ወንበሩን ጋሪው ላይ ስናደርስ ሰዎቹ ሁሉ ቆመው እኔን ያያሉ።

«ማን ሞቶ ነው?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ሩቅ ነው። የሩቅ ሰው ነው» አለችና እጄን ሳመችው። በዕድሜ የእናቴ እኩያ ናት። እጄን ደብቄ ወደ ቤት ገባሁ።

እናቴ ሰምታለች። ለንፍሮ የሚሆን ስንዴና ሽምብራ እየለካች ነበር፤ ከየቤቱ እየተዋጣ ነው። አንድ ጣሳ ለክታ ቆመችና አሰበች።

«አንድ ጣሳ ልጨምርበት» አለች። «የሞተባት እናት ናት አሉኝ። ወንድ ልጅ ነው አሉ። ምስኪን።»

ጨመረች። እኔ ተሸክሜ አደረስኩ። የተቀበለችኝ በርበሬ ሻጯ ነበረች፤ እህሉን ተቀብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በዚያ ቀን ሰፈሩ ውስጥ ሕፃን ሲጮህ አልሰማሁም። ሬዲዮም የለም። በየደጁ የሚያልፈው ሰው እኛ በር አጠገብ ሲደርስ እርምጃው ይቀንሳል፤ ካለፈ በኋላ እንደገና ይፈጥናል። አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማው ነበር። ያስፈራኝ ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም፤ መፍራቴን ግን አውቃለሁ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። መቀርቀሪያ ስለሌለው ሲያንኳኩት ራሱ ተከፈተ። ደጃፉ ላይ ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም አይናገርም። ከፊት የእድሩ ሊቀመንበር ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ አባባ ነው የምንላቸው። ብብታቸው ሥር ከዐረብ አገር ልጃቸው የላከችላቸው ታብሌት አለ። ጋዜጣችንን ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከመታሰቢያው ገጽ ነው ማንበብ የሚጀምሩት።

እናቴ ከጓዳ መጣች። ሊወስዷት የመጡ መሰላት።

«ቆዩኝ፣ ነጠላዬን ላንሣ» አለች። «በጊዜ ብትነግሩኝ ተነሥቼ እጠብቅ ነበር። ለቅሶው ሩቅ ነው?»

አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እህቴ፣ ለቅሶው እዚህ ነው» አሉ።

እናቴ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየች። እኔ እዚያ መቆሜን ስታይ ማን እንደቀረ ገባት። እንደ እህል ከረጢት ወለሉ ላይ ወረደች። ሴቶቹ ገቡ፤ ቤቱ በዋይታ ሞላ።

«ማን ነገራችሁ አባባ? ከየት ሰማችሁ?» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ስለጠየቅኩ ሳይሆን ስላሳዘንኳቸው ታብሌቱን ከፍተው ሰጡኝ፤ «ከእናንተ ቀድሞ የሰማ ዘመድ ነው ያወጣው» አሉ።

ሥራዬን ወዲያው አወቅኩት። ሳጥኑን በጣቴ ትንሽ ወደ ታች ጎትቼው ነበር፤ አሁንም እዚያው ነው። ወንድሜ ግራጫ ሆኖ ወደ ገጹ ውስጥ ያያል።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አባባ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«ታውቂያለሽ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «ሐዘን እንዲህ ያናግራል። ቻዪው።»

አንዷ ፊቴ ላይ ውኃ ረጨችብኝ። ሌላዋ ያዘችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እንዳያዳምጠኝ ስመኝ ኖሬ፣ ያን ጠዋት ምኞቴ ደረሰ። እናቴ ወለሉ ላይ ስሙን ትጠራለች፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ ስሙን ስትጠራ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። ገጹን እንደገና አየሁት። ከዚያ የአባባን እጅጌ ይዤ ጎተትኩ፤ ሽማግሌ ጎትቼ አላውቅም።

«መነጽርዎን ያድርጉ። የሞተበትን ቀን ያንብቡልኝ።»

«ልጄ...»

«ያንብቡልኝ። ድምፅዎን ከፍ አድርገው።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ፈለጉ። ታብሌቱን አጋደሙት፣ አቆሙት። ወንድሜ ከአንዱ አምድ ወደ ሌላው ተዛወረ። ቀኑ የለም።

«ቀን የለውም» አሉ። ከራሳቸው ጋር እንደሚነጋገሩ ደገሙት። «ስንት ዓመት መታሰቢያ ሳነብ ቀን የሌለው አላየሁም። ፎቶውን አይቼ ቸኮልኩ እንጂ...»

«ቀኑን ያልጻፍኩት እኔ ነኝ። ለሙከራ ነበር። መብራት ጠፋ፤ የጠፋ መሰለኝ።»

ዋይታው አንድ ላይ አልቆመም። ከበሩ በኩል ጀምሮ እየተቀባበለ ወደ ጓዳው ዝም አለ። መጨረሻ የቀረችው እናቴ ናት። እሷም ቆመች። ከዚያ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለቅሶ የሚያፈርስ ሥርዓት የለንም። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ንፍሮው ተቀቅሏል። ሰዎቹ ተነሥተው ለመሄድም አፈሩ፤ ተቀምጠው እስከ እኩለ ቀን የእናቴን ስንዴ በሉ።

«እንግዲህ ንፍሮውን በልተንለታል» አለች በርበሬ ሻጯ፤ «ሲመጣ ራሱ ደግሞ ይቀቅልልናል።»

ጥቂት ሰው ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ገና አሁን ቤቱን እንደምታይ ሁሉ፣ ዙሪያውን ታይ ነበር።

በዚያው ቀን ቢሮ ሄጄ ገጹን አጠፋሁት። ሳጥኑ ሲወጣ ሌሎቹ ሙታን ተጠጋግተው ቦታውን ዘጉት። ማክሰኞ ግን አባባ ቢሮ ድረስ መጡ።

«እኔ ጋ አልጠፋም» አሉኝ ቀስ ብለው፣ በሚያፍር ሰው ድምፅ። «ማታ ከፍቼ አየሁት።»

ታብሌታቸው ከቅዳሜ ወዲህ ኔትወርክ አላገኘም ነበር። ኔትወርክ እስካላገኘ ድረስ የወረደው ገጽ እንዳለ ይቀመጣል። ከቢሮው ጋር አገናኘሁት፤ ጠፋ። ግን ስንት ሰው ያን ዓርብ ማታ አውርዶት ነበር? መሳቢያ ውስጥ የተረሳ፣ ለገጠር ዘመድ የተሰጠ፣ ተሰብሮ የተጣለ ታብሌት ይኖራል። እነዚያ ውስጥ ወንድሜ እስከ ዛሬ እንደሞተ ነው።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ጠየቀችኝ።

«ከዚያ ገጽ አነሣሽው?»

«አነሣሁት እማ።»

«የት ወሰድሽው?»

«የትም። አጠፋሁት።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«የትም አይሆንም» አለች። «አንዴ አልቅሼበታለሁ፤ አሁን ደግሞ ሥራ ላይ ነው ማለት አልቻልኩም። ወደ አፋልጉኝ አዙሪው።»

ዓርብ ጋሼ ዓይናቸው ተሽሏቸው አጠገቤ ተቀመጡ። ሁሉን ነግሬያቸው ነበር። «ገጹ ይለምደዋል ብዬሽ ነበር» አላሉኝም፤ ስለዚያ አመሰግናቸዋለሁ። የአፋልጉኝ አምድ ላይ ሳጥኑ በግራ ጠርዝ ነው። ወንድሜን ሳስገባው ወደ ግራ፣ ከገጹ ወደ ውጭ ሲያይ ሆነ።

«ገልብጪው» አሉ ጋሼ። «ፊት ወደ ውስጥ ነው።»

«አይገለበጥም ጋሼ።»

ዞረው አዩኝ። ከዚያ በፊት አይሆንም ብያቸው አላውቅም።

«በቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው» አልኩ፤ «የጆንያ መንጠቆ የመታው ነው። ከገለበጥኩት ጠባሳው ወደ ግራ ይሄዳል። የሚያውቀው ሰው አያውቀውም።»

ጋሼ ጎንበስ ብለው ጠባሳውን ፎቶው ላይ ፈለጉ። «እንግዲህ ይውጣ» አሉ። ቀለሙንም መለስኩለት፤ የሽንኩርቱንም ማዳበሪያ።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ታብሌቱን ይዤ ቤት እገባለሁ። እናቴ ትቀበለኛለች። ታጋድመዋለች፤ ሦስት አምድ ይሆንና ሳጥኑ ወደ ቀኝ ሄዶ ወንድሜ ወደ ጽሑፉ ያያል። ከዚያ መልሳ ታቆመውና ግድግዳውን አስደግፋ ታስቀምጠዋለች። ለምን ሲቆም እንደምትመርጠው አልጠየቅኋትም። ማታ በሩን አሁን ትቀረቅረዋለች፤ ስለዚያም አልጠየቅኋትም። ከቀረቀረችው በኋላ መብራቱን ታጠፋለች። የታብሌቱ ብርሃን ብቻ ይቀራል፤ ወንድሜም ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ከገጹ ወጥቶ በሩን ያያል።